ከሥር ያለው ወረቀት ሲመሰክር

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ደብተራችሁ ላይ እስክሪብቶውን ጫን አድርጋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቅጠሉን ገንጥሉና ከሥሩ ያለውን ባዶ ገጽ በእርሳስ ለስለስ አድርጋችሁ አጥቁሩት። የጻፋችሁት ነገር ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። እንግሊዝ አገር ውስጥ 16 ዓመት በግፍ የታሰሩ 6 ሰዎችን ነፃ ለማውጣት ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ የዚህች ጨዋታ የረቀቀ ዘመድ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1974 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኅዳር ወር በበርሚንግሃም ከተማ ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። አገሩ በሐዘንና በቁጣ ተናጠ። ፖሊስ ወዲያው 6 የአየርላንድ ተወላጆችን ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመትም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በእንግሊዝ ለነፍስ ግድያ የሚሰጠው የሞት ቅጣት ከጥቂት ዓመታት በፊት ባይቀር ኖሮ ምናልባት ይሰቀሉ ነበር።

ማስረጃው ምን ነበር? ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የእምነት ቃል ነው። 4ቱ ፈርመዋል፤ ግን «ተደብድበን፣ ተስፈራርተን ነው» አሉ። ሁለተኛው የኬሚስትሪ ምርመራ ነው። የሁለቱ እጅ ሲመረመር የፈንጂ ቅሪት ተገኘ ተባለ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያው ምርመራ ቫርኒሽና የካርታ መጫወቻ ሽፋን ውስጥ ላለ ንጥረ ነገርም ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ከስድስቱ 5ቱ ደግሞ ከመያዛቸው በፊት ባቡር ላይ ካርታ ሲጫወቱ ነበር!

ታዲያ ለምን ቶሎ አልተፈቱም? ፍርድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ ከሀ አይጀምርም፤ «አዲስ ነገር አምጡ» ነው የሚለው። በ1976 ይግባኛቸው ወደቀ። ቀጥሎ ደብድበውናል ያሏቸውን ፖሊሶች በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። በ1980 ታዋቂው ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ ክሱን ዘጉት። ምክንያታቸው ይገርማል፦ ሰዎቹ ቢረቱ ፖሊሶች ደብድበዋል፣ በሐሰትም መስክረዋል ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ እጅግ አስደንጋጭ ስለሆነ ክሱ መቀጠል የለበትም። ልብ በሉ፤ «ውሸት ነው» አላሉም። እውነት ከሆነ ያስፈራል ነው ያሉት። በ1988ም ይግባኙ ሌላ ጊዜ ውድቅ ሆነ።

ወረቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኤስዳ የሚባል መሣሪያ አለ። በመጠኑ እርጥበት የተሰጠው ወረቀት ብረት ላይ ይነጠፍና በስስ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ከዚያ በከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ ይሞላል። ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ያለው ዓይነት ጥቁር ዱቄት ሲፈስበት፣ ዱቄቱ እስክሪብቶ የተጫነበት ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ዓይን የማያየው ጽሑፍ ይነበባል ማለት ነው፤ ወረቀቱም አይበላሽም።

በ1990 የሌላ አውራጃ ፖሊሶች የአንዱን ተከሳሽ የምርመራ ማስታወሻ በዚህ መሣሪያ አስመረመሩ። ፖሊሶቹ «እሱ ሲናገር እየሰማን በቅደም ተከተል ጻፍነው» ብለው መስክረው ነበር። እንዲያ ከሆነ የእያንዳንዱ ገጽ ጫና ከሥሩ ባለው ገጽ ላይ በተርታ መገኘት አለበት። ተርታው ግን አልገጠመም። ማስታወሻው በተለያየ ጊዜ የተጻፈ ነበር። ሰው 16 ዓመት ጮኾ ያልተሰማውን፣ ወረቀት ተናግሮ ተሰማ።

መጋቢት 1991 ፍርዱ ተሻረ፤ 6ቱም ወጡ። መንግሥት በዚያው ቀን የወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱን የሚመረምር ኮሚሽን እንደሚቋቋም አስታወቀ። ከዚያ በመነሳት በ1997 አጠራጣሪ ፍርዶችን የሚያጣራና ወደ ይግባኝ የሚመልስ ገለልተኛ አካል ሥራ ጀመረ። ቀድሞ ይህን የሚወስነው አንድ ሚኒስትር ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። እዚህ ግን በራሱ አልጠራም። ጋዜጠኛውና የፓርላማ አባሉ ክሪስ ሙሊን ዓመታት ደክሟል፤ ጠበቆችና ቤተሰቦችም እንዲሁ። ያልጠራም አለ። በጉዳዩ የተከሰሱት 3 ፖሊሶች «ወሬው ስለበዛ ፍትሐዊ ዳኝነት አያገኙም» ተብሎ በ1993 ክሳቸው ተቋረጠ። ለ21ዱ ሟቾች ደግሞ እስካሁን በግድያቸው በትክክል የተፈረደበት ሰው የለም። የሐሰት ማስረጃ ንጹሑን ሲያስር፣ ጥፋተኛውን መፈለግም በዚያው ይቆማል።