ያልታወቁ ሙዚቀኞችን ለአድማጭ ያበቃው የጆን ፒል የሬዲዮ ፕሮግራም

በብሪታኒያ የሕዝብ ብሮድካስት ተቋም በቢቢሲ ሬዲዮ ዋን ከ1967 እስከ 2004 እ.ኤ.አ የተላለፈው የጆን ፒል ፕሮግራም፣ አዳዲስና ያልተለመዱ የሙዚቃ ሥራዎችን ለሕዝብ በማስተዋወቅ ከሚጠቀሱት የሬዲዮ ዝግጅቶች መካከል በቀዳሚነት የሚመደብ ነው።

የፕሮግራሙ አጀማመር ከአንድ ሕግ መውጣት ጋር የተያያዘ ነው። የብሪታኒያ መንግሥት ከባሕር ላይ ያለ ፈቃድ የሚያሰራጩ ጣቢያዎችን ለመግታት ያወጣው ሕግ በኦገስት 1967 ሥራ ላይ ሲውል፣ ፒል ይሠራበት የነበረው ሬዲዮ ለንደን ተዘጋ። ቢቢሲ የወጣት አድማጮችን ፍላጎት ለማሟላት ሬዲዮ ዋንን በሴፕቴምበር 30 ቀን 1967 ሲከፍት ፒል ከመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች አንዱ ሆነ።

በወቅቱ ቢቢሲ በየዕለቱ የሚያሰማው የሸክላ ሙዚቃ በሰዓት የተገደበ ነበር። ገደቡ ከሸክላ አሳታሚዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በተደረገ ስምምነት የተጣለ ሲሆን፣ ዓላማውም ሙዚቀኞች ሥራ እንዳያጡ መከላከል ነበር። የቀረውን ጊዜ ለመሙላት ሙዚቀኞች ወደ ስቱዲዮ እየተጋበዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አራት ያህል ዘፈኖችን ይቀርጹ ነበር። በዚህም ሳቢያ ሸክላ ያላሳተሙ ወጣቶች ጭምር በአገር አቀፍ ሬዲዮ የመደመጥ ዕድል አገኙ።

በፕሮግራሙ ዘመን ከ2 ሺህ በላይ ሙዚቀኞችና ቡድኖች ከ4 ሺህ በላይ የስቱዲዮ ቅጂዎችን አበርክተዋል። ዴቪድ ቦዊና ጆይ ዲቪዥን ከእነዚሁ መካከል ሲሆኑ፣ ዘ ፎል የተባለው ቡድን ብቻውን 24 ጊዜ ተቀርጿል። የዚምባብዌው ብሁንዱ ቦይስም በ1986 ተጋብዟል። ፒል በ1978 አንደርቶንስ የተባለውን የሰሜን አየርላንድ ቡድን ዘፈን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማሰማቱ እስከ ዛሬ ይወሳል።

የሰዓት ገደቡ በ1988 ቢነሳም የስቱዲዮ ቀረጻው አልተቋረጠም። በግዴታ የተጀመረው አሠራር በጊዜ ሂደት የፕሮግራሙ መለያ ሆኖ ነበርና።

ጆን ፒል በኦክቶበር 25 ቀን 2004 በፔሩ ለጉብኝት ሳለ በ65 ዓመቱ በድንገት አርፏል። ፕሮግራሙ የሕዝብ ብሮድካስት ተቋም ተግባር ብዙኃኑ የወደደውን ከማቅረብ ባሻገር፣ ገና ያልታወቀውን ለማሰማት ጊዜና ስቱዲዮ መመደብንም እንደሚጨምር በተግባር ያሳየ ነው።