ቼን፦ ከአንዲት ትንሽ ግዛት የተወረሰ የቤተሰብ ስም

ቼን በቻይና በብዛት ከሚገኙት አምስት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። እንደ ቻይናውያን ልማድ የቤተሰብ ስም ከግል ስም ይቀድማል፤ ከአባት ወደ ልጅም ሳይለወጥ ይወርዳል። የቼን ስም ምንጭ በዛሬዋ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ በኋይያንግ አካባቢ የነበረች ትንሽ ግዛት ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዦው ሥርወ መንግሥት የሻንግን ሥርወ መንግሥት ድል ሲያደርግ፣ የዦው ንጉሥ ዉ ይህችን ግዛት ለግዌ ማን ሰጠው። ግዌ ማን በትውፊት ከጥንቱ ደግ ንጉሥ ከሹን እንደሚወለድ ይነገርለታል።

የስሙ ታሪክ ከስደት ጋር የተሳሰረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ672 ቼን ዋን የተባለ የቼን መስፍን ልጅ ከቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ሸሽቶ ወደ ቺ ግዛት ገባ። ዘሮቹ በዚያ ትየን በሚል ስም ገነኑ፤ በ386 የግዛቲቱ ገዥዎች መሆናቸው ታወቀላቸው፤ በ221 ግን ቺ በቺን ግዛት ጦር ወደቀች። የቼን ግዛት ከዚያ ቀደም ብላ በ478 በቹ ግዛት ተውጣ ነበር። ሕዝቧ የጠፋችውን አገር ስም የቤተሰብ መጠሪያው አደረገ፤ እንደ ትውፊቱ ከትየን ወገኖችም ወደ ቀድሞው ስም የተመለሱ ነበሩ።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ557 ጄኔራል ቼን ባሺየን ዙፋን ይዞ ሥርወ መንግሥቱን በቤተሰቡ ስም ጠራው። በቻይና ታሪክ የንጉሣውያኑ ቤተሰብ ስምና የሥርወ መንግሥቱ ስም አንድ የሆነበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። ደቡብ ቻይናን የገዛው ይህ መንግሥት በ589 በስዊ ሥርወ መንግሥት እጅ ወደቀ።

በሰሜን ጦርነት በተነሣ ቁጥር ብዙ ቤተሰቦች ወደ ደቡብ ወረዱ። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቼን ዩዋንጓንግ የተባለ የጦር አለቃ ፉጂየን ውስጥ በ686 የዣንግዦውን አውራጃ አቋቋመ፤ በአካባቢው እስከ ዛሬ እንደ ቅዱስ አባት ይከበራል። ስሙ በፉጂየን ቋንቋ ታን፣ በጓንግዶንግ ቻን ይባላል። በታይዋን ከስሞች ሁሉ የሚበዛው ቼን ሲሆን፣ በሲንጋፖር ቻይናውያን ዘንድም ታን ቀዳሚውን ቦታ ይዟል። ስሙ የሚጻፍበት ፊደል በቬትናም ትራን ተብሎ ይነበባል። ቅድመ አያቶቹ ከፉጂየን እንደመጡ የሚነገርለት የትራን ሥርወ መንግሥት ቬትናምን ከ1225 እስከ 1400 ገዝቶ፣ የሞንጎሎችን ወረራ ሦስት ጊዜ መልሷል።

የተበተነውን ወገን ያያያዙት የትውልድ መዝገቦችና የአባቶች መታሰቢያ አዳራሾች ናቸው። መዝገቦቹ የወንድ ልጆችን ሐረግ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይመዘግባሉ፤ አዳራሾቹ ለሙታን መሥዋዕት ይቀርብባቸዋል፣ የቤተሰብ ጉዳይም ይመከርባቸዋል። ከሁሉም የታወቀው በጓንግዦው ከተማ በ1894 ተሠርቶ ያለቀው የቼን አዳራሽ ነው። የጓንግዶንግ የቼን ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት፣ ለመንግሥት ፈተና ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆቻቸው የሚያርፉበትና የሚያጠኑበት እንዲሆን ጭምር ነበር። ፈተናው በ1905 ቢቀርም፣ በእንጨትና በድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ ያጌጠው ሕንፃ ዛሬ የጓንግዶንግ ባህላዊ ጥበባት ሙዚየም ነው።