የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የሳይበር ደህንነት ወጪ አያያዝ በጌዴኦ ዞን

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማና የይርጋጨፌ፣ የወናጎ፣ የኮቾሬና የገደብ ወረዳዎች የቡና ንግድ መገናኛ ናት። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን ካደራጀባቸው ከተሞችም አንዷ ናት።

ቀደም ሲል በጥሬ ገንዘብና በወረቀት መዝገብ ይካሄድ የነበረው የአካባቢው ንግድ ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክና በኮምፒዩተርም ይከናወናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተከትሏል። የነዳጅ ሽያጭም በዚያው ዓመት በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሆን ተደርጓል። አሠራሩ ጊዜና ድካም የቀነሰውን ያህል፣ ቀድሞ በቁልፍና በዘበኛ ይጠበቅ የነበረውን ገንዘብ ለአዲስ ዓይነት ሌብነት አጋልጦታል።

በዚህ ረገድ የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ የሳይበር ደህንነት የትልልቅ ባንኮች ጉዳይ ነው በሚል ምንም ወጪ አይመድቡም። ሌሎቹ ደግሞ ሻጭ ያቀረበላቸውን ሁሉ ይገዛሉ። ትክክለኛው መንገድ ወጪውን ሊደርስ ከሚችለው ኪሳራ ጋር ማመዛዘን ነው።

ኪሳራው ከየት ይመጣል?

በችርቻሮ ንግድ፣ በሆቴልና በመድኃኒት ቤት በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ማጭበርበር ቀላል ነው። ደንበኛ መስሎ የቀረበ ሰው ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት አሳይቶ ዕቃ ይወስዳል፤ ወይም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ በመደወል የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል።

ከውጭ ገዢዎች ጋር ለሚጻጻፉ ቡና ላኪዎች ከባዱ ስጋት የኢሜል ጠለፋ ነው። አጭበርባሪው የአንዱን ወገን ኢሜል ሰብሮ ይገባና ደብዳቤዎቹን ሲከታተል ይቆያል፤ ክፍያ ሊፈጸም ሲል "የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል" የሚል መልእክት ይልካል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ መንገድ ጠፍቷል ተብሎ የተመዘገበለት ገንዘብ 2 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ሦስተኛው ያልታደሰ ሶፍትዌር ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተሰኘው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አጥቅቷል። ማይክሮሶፍት ግን ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ያለ ክፍያ አውጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ተጎጂዎች የከሰሩት ጸረ-ቫይረስ መግዣ አጥተው ሳይሆን ማሻሻያውን ባለመጫናቸው ነው።

ጉዳት ያለ ጥቃትም ይደርሳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ሲያወጡ፣ ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። የውስጥ አሠራርን መፈተሽ የውጭ ጠላፊን ከመከላከል የማያንስ መሆኑን ሁኔታው ያሳያል።

ወጪው በምን ይለካ?

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሎውረንስ ጎርደንና ማርቲን ሎብ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ አንድን መረጃ ለመጠበቅ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ሁኔታ ከሚጠበቀው ኪሳራ 37 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡና አቅራቢ በአንድ ማጭበርበር 400 ሺህ ብር ሊያጣ ይችላል እንበል። አደጋው በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ ቢገመት ዓመታዊው የሚጠበቅ ኪሳራ 80 ሺህ ብር ይሆናል። የወጪው ጣሪያ 29 ሺህ 600 ብር ነው ማለት ነው። በዓመት 60 ሺህ ብር የሚያስከፍል አገልግሎት ቢቀርብለት ጥሩ ቢሆንም እንኳ ለእርሱ አይመጥንም። ስሌቱ ግምት ቢሆንም ባለቤቱ ከመግዛቱ በፊት "የምጠብቀው ምንድን ነው? ዋጋውስ ስንት ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው ተግባራት

ከሚከተሉት አብዛኞቹ ከግዢ ይልቅ ሥርዓትን የሚጠይቁ ናቸው።

1. ክፍያ መግባቱን በደንበኛው ስልክ ሳይሆን በራስ ሒሳብ ማረጋገጥ፤ የምስጢር ቁጥር ለማንም አለመስጠት።

2. የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜል ሲነገር ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማጣራት፤ ከፍተኛ ክፍያ በሁለት ሰዎች እንዲጸድቅ ማድረግ።

3. ለኢሜል ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠቀም፤ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የሚያውቀውን የይለፍ ቃል በዕለቱ መለወጥ።

4. የሒሳብ መረጃን በየሳምንቱ በውጭ ዲስክ መገልበጥና ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ። ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ ይህ ነው።

5. ሶፍትዌር ማደስ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሁሉንም ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ መለወጥ የማይችል ድርጅት አንዱን ለባንክና ለኢሜል ብቻ ለይቶ ሊያድስ፣ አሮጌዎቹን ደግሞ ከኢንተርኔት ነጥሎ ለጽሕፈት ሊጠቀምባቸው ይችላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ጸረ-ቫይረስም ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም።

ወጪን በጋራ መሸፈን

አንድ አነስተኛ ድርጅት ባለሙያ ቀጥሮ ማኖር አይችልም። ሆኖም አርሶ አደሩ በማኅበርና በ1994 ዓ.ም. እንደተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ባሉ ተቋማት ተደራጅቶ ቡናውን በጋራ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ብዙ ድርጅቶች አንድ ባለሙያ በጋራ ቢቀጥሩ ወጪው ይከፋፈላል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪዎችም በተግባር ልምምድ ወቅት እገዛ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ትብብሩ ከቡናው ገበያ አንጻርም አስፈላጊ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውና ተፈጻሚነቱ የተራዘመው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የተመረተበት ማሳ መገኛ በመረጃ እንዲቀርብ ይጠይቃል። የአርሶ አደሮች ማሳ መረጃ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ቡናውን ለዚያ ገበያ ማቅረብ ያዳግታል።

የመሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የመንግሥት አካላትና አገልግሎት ሰጪዎች በሚያስተዳድሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋሙና ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በበኩሉ የሰዎችን መረጃ የያዘ አካል ጥሰት ሲደርስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። ብዙ ነጋዴዎች ግን ስማቸው እንዳይጎድፍ በመስጋት ጉዳቱን ይደብቃሉ፤ በዚህም ያው ማጭበርበር በቀጣዩ ሱቅ ይደገማል።

በመሆኑም የዞኑና የወረዳዎች የንግድ፣ የኢንተርፕራይዝና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ከላይ የተዘረዘሩትን አምስት ተግባራት በመደበኛ ሥልጠናቸው ቢያካትቱ፣ የደረሰ ጥቃት የሚመዘገብበትን መንገድ ለነጋዴው ቢያመለክቱና ስልጠናው የቡና መሰብሰቢያ ወቅት ከመድረሱ በፊት እንዲሰጥ ቢያደርጉ፣ በከፍተኛ በጀት የማይገኝ ጥበቃ በአነስተኛ ወጪ ሊገኝ ይችላል።