ማፍለስና መተርጎም፦ «ትራንስሌት» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክ

የትርጉም ሥራዎች በሚገመገሙበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ተርጓሚው ለመነሻው ታማኝ ነወይ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ታማኝነቱን የምንለካበት ሚዛን ከየት እንደ መጣ ብዙም አንጠይቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላሳየው የምሞክረው፣ ሚዛኑ በአመዛኙ «ትራንስሌት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ሥዕል የተቀዳ መሆኑን፣ የእኛው «ተረጎመ» ግን ሌላ ታሪክና ሌላ ግዴታ ይዞ የመጣ መሆኑን ነው።

«ትራንስሌት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው ምእት ዓመት ገደማ ሲሆን ሥሩ ላቲን ነው። «ትራንስፌሬ» ማለት አሻግሮ መሸከም፣ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው ማዛወር ማለት ነው፤ «ትራንስላቱስ» ከዚሁ ግሥ የሚወጣ ቅጽል ሲሆን «የተዛወረ» የሚል ፍቺ አለው። ስለዚህ ግሡ ሥጋንና ዕቃንም እንደ ቃል ያዛውራል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1170 ተገደለ፤ በ1220 ደግሞ ዐፅሙ ከመቃብሩ ወጥቶ ወደ ክብር ስፍራ ተዛወረ። ይህ ድርጊት በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። አንድ ጳጳስ ከሀገረ ስብከት ወደ ሀገረ ስብከት ሲዛወርም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀመው በዚሁ ግሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሄኖክ ሞትን ሳያይ ከምድር መለየቱን (ዕብራውያን 11፥5) በዚህ ግሥ ሲገልጽ፣ የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ «ተወሰደ» ይላል። ሼክስፒርም በ1590ዎቹ በጻፈው «ኤ ሚድሰመር ናይትስ ድሪም» በተባለው ተውኔት፣ የሸማኔው የቦተም ራስ የአህያ ራስ በሆነ ጊዜ ጓደኛው ደንግጦ የሚናገረው ይህንኑ ግሥ ነው፤ እዚያ ላይ ፍቺው መለወጥ ነው።

ይህን የቃሉን ወርድ ለመረዳት ግዕዝ ለሚያውቅ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነሐሴ 16 ቀን የሚከበረውን ፍልሰታን፣ ግንቦት 12 ቀን የሚታሰበውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ማስታወስ ይበቃል። በእንግሊዝኛ «ትራንስሌት» ከሚለው ግሥ የወጣው ስም በግዕዝ ፍልሰትም ትርጓሜም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መጽሐፍን ከልሳን ወደ ልሳን «አፍለሰ» ማለት በግዕዝ የማይታወቅ አይደለም። ነገር ግን የሥራው መጠሪያ ሆኖ የጸናው ትርጓሜ ነው፤ የሠሪውም ስም መተርጉም ነው። በ14ኛው ምእት ዓመት ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ያስመለሱት ጳጳስ አባ ሰላማ የሚታወቁት በዚሁ «መተርጉም» በሚለው ቅጽል ነው።

«ተርጐመ» የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። በአካድኛ «ታርጉማኑ» አስተርጓሚ ማለት ነበር። በአራማይስጥ «ታርጉም» የሚባለው፣ ኦሪት በምኵራብ በዕብራይስጥ ሲነበብ ዕብራይስጥ ለማይሰማው ሕዝብ በሚያውቀው ቋንቋ እየተከተለ የሚሰጠው ቃል ነው። ዐረብኛው «ተርጁማን» ደግሞ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ውስጥ «ድራጎማን» ሆኖ ይገኛል፤ በኦቶማን መንግሥት ዘመን በኤምባሲዎች ለሚሠሩ አስተርጓሚዎች የተሰጠ ስም ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሚታየን ዕቃ ተሸክሞ የሚሻገር ሰው አይደለም፤ በጽሑፍና በሰሚ፣ በተናጋሪና በአድማጭ መካከል የቆመ ሰው ነው። የሚመዘነውም ሰሚው በመረዳቱ ነው።

የእኛ የትርጓሜ ቤት ይህን ግዴታ እስከ ዳር አድርሶታል። መምህሩ ግዕዙን ይላል፤ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደርባል። ቃሉን ወደ አማርኛ ማዛወር የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ዛሬም «ትርጉም» ስንል የቃልን ፍቺም፣ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰን መጽሐፍም ማለታችን ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ እነዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ቃል ይጠራሉ።

ይህን ስል ማሻገር የምዕራቡ፣ መፍታት የእኛ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ899 የሞተው ንጉሥ አልፍሬድ ከላቲን ወደ ጥንታዊው እንግሊዝኛ መጻሕፍትን ሲመልስ የተጠቀመው «ዌንዳን» በሚል ግሥ ነበር፤ ማዞር ማለት ነው። ይህ ከላቲኑ «ቬርቴሬ» ጋር አንድ ሥዕል አለው፤ ከአማርኛው «መለሰ»ም ይቀራረባል። የ1611ዱ ተርጓሚዎች መቅድምም ትርጉምን የሚመስለው መስኮት በመክፈትና የጕድጓድ ውኃ ክዳንን በማንሣት ነው። ይህ ከሸክም ይልቅ ለእኛ ትርጓሜ የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ የበረታው የማሻገር ሥዕል ነው። ጀርመንኛው «ኡበርዜትሰን» የአጠራሩ ጫና ቦታ ሲለወጥ በጀልባ ማሻገርም መተርጎምም ይሆናል፤ ፈረንሳይኛው «ትራዱዊር»ም መርቶ ከማሻገር የመጣ ነው። ሥዕሉ እንዲህ ከሆነ ዘንድ የጎደለ ቃል በመንገድ የወደቀ ዕቃ፣ የተጨመረም ቃል የባዕድ ጭነት መሆኑ አይቀርም። ፈረንሳዊው ኤትዬን ዶሌ እ.ኤ.አ. በ1546 በፓሪስ ሲገደል ከቀረቡበት ክሶች አንዱ፣ በፕላቶን ስም የሚጠራ አንድ ጽሑፍ ሲመልስ ስለ ነፍስ ጥቂት ቃላት ጨምሯል የሚል ነበር። ዕዳው የከበደው በሃይማኖቱ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም አፍታትቶ መናገር ከጭማሪ ሲቆጠር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳያል።

ጉዳዩ የቃል ጨዋታ ብቻ የማይሆነው የሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ ስንጽፍ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ»ን ጻፉ፤ ተውኔቱ በዘመኑ የነበረውን የመንግሥት ብልሹነት የሚነካ በመሆኑ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በማሻገር ሚዛን ይህ ትርጉም ሊባል አይችልም፤ አውሬዎቹ ከፈረንሳይ ተነሥተው አዲስ አበባ ሲደርሱ ጭነታቸው ሌላ ሆኗል። በትርጓሜ ሚዛን ግን ተረቱ ለዚህ አገር ሰሚ ምን እንደሚል ተፈትቶ ቀርቧል። መታገዱ ራሱ ሰሚው እንደ ተረዳ ምስክር ነው። «ውርስ ትርጉም» የምንለውን ሥራ ከእውነተኛው ትርጉም ያነሰ አድርገን የምናየው በመጀመሪያው ሚዛን ብቻ ስንመዝነው ነው።

ይህ ማለት ማንኛውም ስሕተት በትርጓሜ ስም ይታለፍ ማለት አይደለም። የትርጓሜ መምህር «አንድም» ከማለቱ በፊት ንባቡን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ንባቡን ሳያውቅ የሚያፍታታ ትርጓሜ ሳይሆን ግምት ይናገራል። እኔ የምለው፣ ተማሪዎቻችን አንድን የትርጉም ሥራ ከመመዘናቸው በፊት ተርጓሚው ማፍለስ ወይስ መፍታት እንደ ፈለገ ይለዩ ነው። የፈለሰውን በፍልሰቱ፣ የተፈታውን በፍቺው እንመዝን። ያን ጊዜ «ለመነሻው ታማኝ ነወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ለሰሚውስ?» የሚለው ተገቢ ስፍራውን ያገኛል።