ማሪያ ኦክቲያብርስካያ፤ የሰጠችውን ታንክ ራስዋ የነዳች ሴት

የጦርነት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አስቀድሞ የጦር አለቆች ስም፥ ቀጥሎም የተኳሾች ስም ይነሣል። በብረት ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ታንኩን የሚነዳው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወስ ይቀራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ኅብረት ታንክ ነጂ የነበረችው የማሪያ ኦክቲያብርስካያ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ስለዚህ ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ማሪያ በክሪሚያ ከገበሬ ቤት ተወልዳ በስልክ አገናኝነት ሥራ ትኖር ነበር። በ1925 ኢሊያ የሚባል የፈረሰኛ ጦር ተማሪ አገባች። ባልዋ መኰንን ሆኖ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዛወር እርስዋም አብራው እየዞረች ቍስለኛ ማስታመምን፥ መሣሪያ መያዝንና መኪና መንዳትን ተማረች። በ1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረች ጊዜ ኢሊያ በኪየቭ አጠገብ ሲዋጋ ሞተ። እርስዋም በሳይቤሪያ፥ በቶምስክ ከተማ፥ በስደት ትኖር ነበር።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ ገንዘብ እያዋጣ ለጦሩ ታንክና አውሮፕላን ማሠራቱ የተለመደ ነገር ነበር። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ ያሠራቻቸውንና በዲሚትሪ ዶንስኮይ ስም የተሰየሙትን 40 ታንኮች በ1944 ለጦሩ አስረክባለች። ስለዚህ ማሪያ 50,000 ሩብል መስጠትዋ ብቻ ልዩ አያደርጋትም፤ ልዩ ያደረጋት ልመናዋ ነው። በ1943 ለስታሊን በጻፈችው ደብዳቤ፥ በገንዘብዋ ታንክ እንዲሠራ፥ ስሙም «የጦር ጓደኛ» እንዲባል፥ ነጂውም እርስዋ ራስዋ እንድትሆን ለመነች፤ ተፈቀደላትም።

ይህ ስም በመስኮብኛ በሴት አንቀጽ የሚነገር ሲሆን የወታደርን ሚስትም ለመጥራት ያገለግላል። እንግዲህ ሰምና ወርቅ አለው ማለት ነው፤ ሰሙ ታንኩ ሲሆን ወርቁ ባልዋን ተከትላ ወደ ጦርነት የገባችው ሚስት ናት።

ታንኩ ቲ-34 የሚባለው ነበር፤ አራት ሰው ይይዛል፤ የሞተሩም ኃይል 500 የፈረስ ጉልበት ነው። ነጂው ከፊት ተቀምጦ በሁለት የብረት ዘንጎች ይመራዋል። በመስኮብኛ የሥራው ስም «መካኒክ ነጂ» ስለሆነ፥ መንዳት ብቻ ሳይሆን የተሰበረውን መጠገንም ግዴታው ነው። ኀዘን ለአንድ ቀን ያጀግን ይሆናል፤ ይህን ሞያ ለመልመድ ግን ብዙ ወራት ትዕግሥት ያሻል። ማሪያም በኦምስክ ትምህርትዋን ፈጽማ በ1943 መከር ወራት ወደ 26ኛው የዘብ ታንክ ብርጌድ ገባች።

ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ ለጋዜጣ ወሬ የመጣች መስሎአቸው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቪቴብስክ አውራጃ በኖቮዬ ሴሎ በተደረገው ውጊያ መድፍ የታንኩን ሰንሰለት በበጠሰው ጊዜ፥ ጥይት እየዘነበ ከአንድ ጓደኛዋ ጋራ ወርዳ ጠገነችው። በጥር ወር 1944 በዚያው አውራጃ ሰንሰለቱ ዳግመኛ ተመታ፤ እርስዋም ዳግመኛ ወረደች። በዚህ ጊዜ የፈንጂ ስባሪ ራስዋን መታት፤ ሕሊናዋንም ሳተች። መጋቢት 15 ቀን 1944 ዐረፈች፤ በስሞሌንስክም ተቀበረች። «የሶቪየት ኅብረት ጀግና» የሚለው ታላቁ ማዕርግ የተሰጣት ነሐሴ 2 ቀን 1944 ነው፤ ኒሻኑ የደረሰው ለመቃብርዋ ነበር።

ወደ ጦርነት የወሰዳት የበቀል ፈቃድ እንደ ነበረ በደብዳቤዋ አልሸሸገችም፤ እኛም ልንሸሽግላት አይገባንም። ነገር ግን ሞት ያገኛት ጠላትን ስታሳድድ አይደለም፤ በታንኩ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ቆመው እንዳይቀሩ የተበጠሰ ሰንሰለት ስትገጥም ነው እንጂ። ገንዘብዋን ሰጥታ በቶምስክ ብትቀመጥ የሚወቅሳት አልነበረም። እርስዋ ግን ስጦታዋን ከራስዋ አልለየችውም። ጓደኞችዋም ታንካቸው ሲጠፋ ስሙን ለሚቀጥለው እያወረሱ፥ «የጦር ጓደኛ» የተባለውን ታንክ እስከ ኬኒግስበርግ አደረሱት።