ባስ በእግር፦ ድምፅ ያለው ፔዳል ወይስ ትዕዛዝ የሚያደርስ?

በሕግ ትምህርት ቤት ቀድሞ ከሚለመዱት ነገሮች አንዱ ክርክር ከመጀመሩ በፊት ጭብጡን መያዝ ነው። ከሙዚቀኞች ጋር ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሳው «ባስ ፔዳል ሲንተሳይዘር ይሻላል ወይስ የሚዲ የእግር መቆጣጠሪያ?» የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ጭብጡ ሳይያዝ ስለሚጀመር ነው። አንዱ ስለ ድምፅ ጥራት ይከራከራል፣ ሌላው ስለ ዋጋ። ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ ግን ድምፁ የሚፈጠረው የት ነው የሚለው ነው። እኔ የምተዳደረው በሕግና በብዕር ቢሆንም ከተማሪነቴ ጀምሮ ከኪቦርድ ተለይቼ አላውቅም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከፖለቲካው ፈቀቅ ብዬ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ልበል። ጉዳዩ ቀልድ አይደለም፤ ዕቃው በአገራችን ሱቅ እንደልብ ስለማይገኝ ገዢው ብዙውን ጊዜ ዕቁብ የወጣለት ወጣት ነው፤ ገንዘቡን ውጭ ላለ ዘመድ ይልካል፤ ዕቃው ሲደርስ የማይሆን ቢሆን መመለሻ የለውም።

ሁለቱም ዕቃዎች ወለል ላይ ሲቀመጡ ይመሳሰላሉ። በእግር የሚረገጡ ረዣዥም ቁልፎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ 13፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ። ሐሳቡ ከኦርጋን የመጣ ነው። ሐመንድ ቢ-3 የተባለው ዝነኛ ኦርጋን 25 የእግር ቁልፎች አሉት፤ ትልልቆቹ የቤተክርስቲያን ኦርጋኖች ደግሞ እስከ 32 ይደርሳሉ። እጆቹ በሌላ ሥራ የተያዙ ሰው በግራ እግሩ ባሱን ይይዛል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ባስ ፔዳል ሲንተሳይዘር የሚባለው ድምፁን ራሱ የሚፈጥር ነው። የዚህ ዓይነቱ አባት የሙግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ያቀረበው ቶረስ ነው። 13 ቁልፎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ «ቶረስ»፣ «ቱባ» እና «ባስ» የተባሉ ሦስት የተዘጋጁ ድምፆችና ተጫዋቹ ራሱ የሚያስተካክለው አራተኛ ነበሩት። ከጀርባው ኬብል ወደ አምፕሊፋየር ይገባል፣ ይረገጣል፣ ይጮኻል። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ቆመ። ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ቶረስ 3 የሚባል ተተኪ ወጣ፤ እሱም ዛሬ ከምርት ውጭ ስለሆነ የሚገኘው ያገለገለው ነው።

የሚዲ ፔዳል ግን በራሱ ድምፅ የለውም። ሮላንድ ፒኬ-5 ወይም የጣሊያኖቹ ስቱዲዮሎጂክ ኤምፒ-113 (13 ቁልፍ) እና ኤምፒ-117 (17 ቁልፍ) ቢረገጡ የሚወጣው መልእክት ነው፦ «ይህ ኖታ ተመትቷል፣ በዚህን ያህል ኃይል»፤ እግር ሲነሳ ደግሞ «ተለቋል»። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የተበጀ ቋንቋ ነው። ሐሳቡን ከገፉት መካከል አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የሮላንዱ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ዋነኞቹ ናቸው። በሕጋችን ወኪል በወካዩ ስም የፈጸመው ውል ወካዩ ራሱ እንደፈጸመው ይቆጠራል፤ የሚዲ ፔዳልም እንዲሁ ነው። የሚሰማው ድምፅ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ የወካዩ የኪቦርዱ ወይም የኮምፒዩተሩ ነው። «ይህ ፔዳል ድምፁ ቀጭን ነው» ብሎ የሚያማርር ሰው ወኪሉን ነው የከሰሰው።

ለውጡን በአንድ ሙዚቀኛ ሕይወት ማየት ይቻላል። የካናዳው ረሽ ሦስት ሰዎች ብቻ የነበሩበት ባንድ ነው። ጌዲ ሊ ይዘፍናል፣ ባስ ጊታር ይጫወታል፣ ኪቦርድም የእሱ ነው። እጁ ወደ ኪቦርዱ ሲሄድ ባሱ ባዶ እንዳይቀር በ1970ዎቹ ቶረስ እግሩ ሥር አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ኤ ፌርዌል ቱ ኪንግስ» አልበም ላይ ድምፁ ይሰማል። ሚዲ ከመጣ በኋላ ደግሞ ይኸው ሰው ኮርግ ኤምፒኬ-130 የሚባል የሚዲ ፔዳል ይዞ መድረክ ላይ ታየ። በዚህኛው የሚያዘው ራቅ ብለው የተቀመጡ ሳምፕለሮችን ስለነበር ከእግሩ ባስ ብቻ ሳይሆን በስቱዲዮ የተቀዳ ማናቸውም ድምፅ ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው የሰጠው አንድ ግሩም ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ድምፅ ሰጠው፤ በዚያው ልክ ከመድረኩ ጀርባ የሚጠበቅ ብዙ ዕቃም አስከተለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወናበድበትን የስም ነገር ላንሳ። «የሚዲ የእግር መቆጣጠሪያ» በሚል ስም ፈጽሞ የተለየ ዕቃም ይሸጣል። የቤሪንገሩ ኤፍሲቢ1010 አሥር የእግር ማብሪያ ማጥፊያዎችና ሁለት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚነቀነቁ ፔዳሎች አሉት። ይህ የተሠራው ጊታር ተጫዋች የድምፅ ማስተካከያዎቹን እንዲቀያይር ነው። ኖታ እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን አዝራሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ እንጂ እንደ ኪቦርድ ቁልፍ ስላልሆኑ በእነሱ የባስ ዜማ እጫወታለሁ ማለት በካልኩሌተር ፒያኖ እንደመምታት ነው። ሻጩ «የእግር ሚዲ ነው» ሲል አልዋሸም፤ እናንተ የፈለጋችሁት ግን ሌላ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን አይታችሁ ነጭና ጥቁር ቁልፍ መኖሩን አረጋግጡ።

ቀጣዩ ወጥመድ ሶኬቱ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የቀድሞው ሚዲ ባለ አምስት እግር ክብ ሶኬት አለው፤ ከፔዳሉ «አውት» ወደ ኪቦርዱ «ኢን» አንድ ኬብል መዘርጋት ይበቃል። ዛሬ ብዙዎቹ ርካሽ ኪቦርዶች ይህን ሶኬት ትተው የዩኤስቢ ሶኬት ብቻ ይዘዋል። ዩኤስቢ ደግሞ አዛዥና ታዛዥ ያለው ሥርዓት ነው፤ አዛዡ ኮምፒዩተሩ ነው። ታዛዥ የሆነ ፔዳልና ታዛዥ የሆነ ኪቦርድ በኬብል ቢያያዙ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ መሐላቸው ኮምፒዩተር ወይም ለዚሁ የተሠራ አገናኝ ሳጥን መግባት አለበት። ኪት ማክሚለን የሠራው ትንሹ ባለ ላስቲክ «12 ስቴፕ» በሻንጣ የሚገባ፣ በአንድ ርግጫ እስከ አምስት ኖታ የሚያሰማ ጎበዝ ዕቃ ነው፤ የመጀመሪያው ሞዴል ግን ከባለ አምስት እግሩ ሶኬት ጋር ለመገናኘት ተጨማሪ ሳጥን ይፈልጋል። የዚያ ሳጥን ዋጋ ከበጀቱ ውስጥ ይግባ።

ኪቦርዱም ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ማድረግ የሚችል መሆን አለበት። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት። ፔዳሉ በቻናል 2 ሲልክ ኪቦርዱ በቻናል 2 የባስ ድምፅ፣ በቻናል 1 ደግሞ እጃችሁ የሚጫወተውን ድምፅ ማሰማት ካልቻለ በእግራችሁ ስትረግጡ የሚወጣው ያው የፒያኖው ድምፅ ነው። ይህን ከመግዛት በፊት የኪቦርዱን መመሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። መመሪያ መጽሐፍ የማንበብ ባህላችን ግን ውል ሳያነቡ ከመፈረም ባህላችን ብዙ አይርቅም።

«ሚዲ ይዘገያል» የሚባለውስ? ኬብሉን በከንቱ አንክሰሰው። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ያስተላልፋል፤ አንድ ኖታ 30 ቢት ይፈጃል፤ ይህም አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። መዘግየቱ የሚመጣው ከኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፁን ቆርሶ ቆርሶ ያዘጋጃል፤ ቁራሹ 256 ናሙና ሲሆን በተለመደው የ44,100 ፍጥነት 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ እግር አያውቀውም። 1,024 ሲሆን ግን 23 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ድምፅ በአየር ላይ በዚህ ጊዜ ስምንት ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ባስ ተጫዋቹን ከአዳራሹ ማዶ አቁሞ ከበሮ እንደመምታት ነው። መድኃኒቱ ቁራሹን ማሳነስ ነው፤ ደካማ ኮምፒዩተር ሲያሳንሱበት ግን መንተባተብ ይጀምራል። ፔዳሉ በቀጥታ ከኪቦርድ ወይም ከድምፅ ሳጥን ጋር ከተገናኘ ይህ ጣጣ ብዙም አያስቸግርም።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ስፒከሩን ነው። የባስ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41.2 ኸርዝ ነው። ፔዳል ከዚያ ወርዶ 32.7 ኸርዝ ላይ ያለውን ዶ ያሰማል። በኪቦርዱ ጎን ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች ይህን ሊሸከሙት አይችሉም፤ የሚሰማው ጩኸት ሳይሆን የፕላስቲክ መንቀጥቀጥ ነው። የባስ አምፕሊፋየር ወይም ደህና ሰብዉፈር የሌለው ሰው ስለ ቶረስና ስለ ሚዲ መከራከሩ ገና ነው።

በእኛ ሙዚቃ ላይ ሲመጣ የማየው አንድ መልካም ነገርና አንድ ችግር አለ። መልካሙ፣ ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ በመሆናቸው 13ቱ ቁልፎች ብዙ አይጠቡም። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሁሉም በነጩ ቁልፍ ላይ ናቸው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ እግር ጥቁሩን መልመድ አለበት፤ ቢሆንም ከዚያው ከ13ቱ አይወጣም። ዘፋኟ ከላ እንነሳ ብትል ግን ከላይ የሚቀሩት ቁልፎች ጥቂት ናቸው፤ ዜማው ወደ ታች ይታጠፋል። ቁልፍ የማዛወሪያ አዝራር ያለው የሚዲ ፔዳል ወይም ባለ 17ቱ እዚህ ላይ ያሸንፋል። ችግሩ ችክችካው ነው። በፈጣን ምት የሚረግጠውን የባስ መስመር አንድ ግራ እግር ሌሊቱን ሙሉ ልጫወተው ቢል ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ይመሰክራል። ፔዳል የሚያምርበት ረጅም ተይዞ የሚቆይ ድምፅ፣ ለስለስ ያለ ትዝታና የመግቢያ ሙዚቃ ላይ ነው። ስለዚህ «ፔዳል ስለገባ ባሲስቱን እናሰናብት» የሚል የምሽት ክበብ ባለቤት ካለ ከሒሳቡም ከሙዚቃውም አያዋጣውም። ብቻውን ለሚሠራ የኪቦርድ ተጫዋች ግን እውነተኛ ረዳት ነው።

የመብራት ነገር አይረሳ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ባስ ፔዳል ሲንተሳይዘር ወዲያው ይነሳል፤ አሮጌው አናሎግ ግን እስኪሞቅ ድረስ ድምፁ ከመስመር ይንሸራተታል። በኮምፒዩተር የሚሠራው ደግሞ እስኪነሳ ድረስ እንግዳው ወጥቶ ሲጋራውን ይጨርሳል። ከአሜሪካ የሚመጣ አሮጌ ቶረስ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ የእኛ 220 ላይ መሰካት ዕቃውን መቅበር ነው። የሚዲ ፔዳልም የራሱ በሽታ አለው፤ «ተለቋል» የሚለው መልእክት በኬብል መላላት ቢጠፋ ኖታው ሳያቋርጥ ይጮኻል። ሁሉንም ዝም የሚያሰኘው ትዕዛዝ ኪቦርዱ ላይ የትኛው አዝራር እንደሆነ ከሥራው በፊት ይታወቅ።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ። ባለ አምስት እግር ሶኬትና ብዙ ቻናል ያለው ኪቦርድ ላለው ሰው የሚዲ ፔዳል ይግዛ፤ ለድምፅ ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልገውም። ኪቦርድም ኮምፒዩተርም የሌለው፣ ቆሞ ጊታር የሚጫወትና የሚዘፍን ሰው ግን ራሱን የቻለውን ባስ ፔዳል ሲንተሳይዘር ቢፈልግ አልፈርድበትም። የቶረስ ድምፅ ያማለለው ሦስተኛ ወገን አለ። ለእሱ አሮጌውን ከማሳደድ ይልቅ የሚዲ ፔዳል ይዞ ሙግ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን ሚኒቶር የተባለ ትንሽ የድምፅ ሳጥን ቢያገናኝ ይሻለዋል። ሚኒቶር የተሠራው የመጀመሪያውን ቶረስ መሠረት አድርጎ ነው፤ ፔዳሉ ቢሰበር ሌላ ፔዳል ይተካል፤ ሳጥኑ ቢበላሽ ፔዳሉ ይቀራል። ወኪልና ወካይ ሲለያዩ አንዱ ሌላውን ይዞ አይሞትም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ችኮላውን ይተው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ስለዚህ ዕቃው በደረሰበት ዕለት 13ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎም ጠንክሮም መርገጥ፤ ሁለት ጊዜ የሚመታ ወይም የማይመለስ ካለ መመዝገብ፤ አናሎግ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አብርቶ መጀመሪያ የተሰማው ዶ አሁንም ዶ መሆኑን ከኪቦርድ ጋር ማመሳከር፤ ሚዲ ከሆነ ኬብሉን እየነቀነቁ መልእክቱ አለመቋረጡን ማየት። ጉድለት ከተገኘ ለሻጩ በጽሑፍ ይድረሰው፤ ቀኑም ይጻፍበት።