የሕፃን ዳይፐር መቀየሪያ ቦታን በቤት ውስጥ ማዘጋጀትና ማስዋብ

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ ሊቀየርለት ይችላል። ይህን የሚያደርጉበት ቦታ ንጹሕና ያማረ ቢሆን ለልጅዎም ለእርስዎም ደስ ይላል። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ባለ ጨርቅ፣ ቅርጫትና ወረቀት ማሳመር ይቻላል። ነገር ግን ሕፃኑ እንዳይወድቅ፣ ትንንሽ ነገር እንዳያንቀውና ክር አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጌጡ ሕፃኑ የሚያየው እንጂ እጁ የሚደርስበት አይሁን።

ቦታውን ሲመርጡ

• ከሁሉም ይበልጥ አስተማማኙ ቦታ ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው፤ ሕፃኑ ከዚያ አይወድቅም።
• ጠረጴዛ ከተጠቀሙ ሰፊና የማይነቃነቅ ይሁን፤ ዳርና ዳሩም ከፍ ያለ መከለያ ይኑረው።
• አንድ እጅዎ ሁልጊዜ ሕፃኑ ላይ ይሁን። ብዙ ሕፃናት መገላበጥ የሚጀምሩት በ4 ወር አካባቢ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊትም በእግራቸው እየገፉ ሊወድቁ ይችላሉ። ስልክ ቢጠራ ወይም በር ቢንኳኳ ሕፃኑን ይዘውት ይሂዱ።
• ከከሰል ምድጃ፣ ቡና ከሚፈላበት ቦታ፣ ከመስኮትና ከኤሌክትሪክ ገመድ ያርቁት።

ምንጣፉን ሲያዘጋጁ

ስስ ስፖንጅ በሚወለወል ላስቲክ ሸፍነው ጠርዙን ከሥር አጥብቀው ያያይዙ፤ ከላዩ የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉ። ያረጀ ለስላሳ ነጠላ ወይም አንሶላ ቆርጠውና ጠርዙን ሰፍተው ሦስት አራት ቢያዘጋጁ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። የነጠላውን ዘርፍ ያስወግዱ፤ የተላቀቀ ክር በሕፃኑ ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ሊያግድ ይችላል። ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ አያያይዙ። ፌስታል በአካባቢው አያስቀምጡ። ሕፃኑ እዚያው እንቅልፍ ከወሰደው ወደ መኝታው ይውሰዱት።

ሲያስውቡ

• አዲስ የተወለደ ሕፃን ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ ጥቁርና ነጭም ይስበዋል። ስለዚህ ከእጁ ርቆ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት ትልልቅ ጥቁር ቅርጾችን ይሳሉ። ሆኖም ከሥዕሉ ሁሉ ይልቅ የእርስዎን ፊት ማየት ይወዳል፤ እየቀየሩት ያናግሩት።
• ከራሱ በላይ መስታወት ወይም ባለ ፍሬም ሥዕል አይስቀሉ።
• የሚንጠለጠል ጌጥ በደንብ ይታሰር። ወደ ሕፃኑ የሚወርደው ክር ከ18 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። 5 ወር ሲሞላው ወይም በእጁ ተደግፎ መነሣት ሲጀምር ያውርዱት።
• ዶቃ፣ ቁልፍና ዛጎል አይጠቀሙ። በሶፍት ጥቅል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል።
• ክብ ትንንሽ ባትሪ ያለው መብራት ወይም መጫወቻ አያስቀምጡ። ባትሪው ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል።
• አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ቀለሙ የሚላላጥ ጣውላ አይጠቀሙ።

ዕቃዎቹን ሲያስቀምጡ

ዳይፐር፣ እርጥብ ፎጣ፣ ቅባትና ቅያሪ ልብስ ለእርስዎ እጅ ቅርብ፣ ለሕፃኑ ሩቅ በሆነ ቅርጫት ያድርጉ፤ ሁሉንም ሕፃኑን ከማስተኛትዎ በፊት ያዘጋጁ። የሕፃን ፓውደር አይመከርም፤ ብናኙ ሲተነፍስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከቀየሩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሂዱ?

ሕፃኑ ከወደቀ ደህና ቢመስልም ለጤና ባለሙያ ያሳዩት። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ከጆሮው አሊያም ከአፍንጫው ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ባትሪ ውጧል ብለው ከጠረጠሩም ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ።

የዳይፐር ሽፍታ በ3 ቀን ውስጥ ካልተሻለው፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ያማክሩ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን የሙቀት መጠኑ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ዕለት መታየት አለበት።